በ8 ኩሽኔታ የተገኘ ኤል10 ምን ያህል ይታመናል? የሁለት ዘይቶች ማነጻጸሪያ ፈተና

ፈተና_ክፍል፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዘይቶች በኩሽኔታ ዕድሜ ላይ ያላቸውን ልዩነት የሚለካ የድካም ፈተና ውጤት አለ፤ እንዴት መነበብ እንዳለበት ሐሳብ ስጡኝ።

ኩሽኔታው ተራው 6206 ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው 30፣ የውጭ ዲያሜትሩ 62፣ ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር። የካታሎግ ዳይናሚክ አቅሙ 19.5 ኪሎ ኒውተን፣ ስታቲክ አቅሙ 11.2። ጭነቱ ራዲያል ብቻ፣ 6.5 ኪሎ ኒውተን። ፍጥነቱ በደቂቃ 6,000 ዙር። አቅሙ ለጭነቱ ሲካፈል 3 ስለሚመጣ፣ ኩቡም ስለሚወሰድ፣ የካታሎጉ ኤል10 (ከ100 ኩሽኔታ 10 የሚበላሹበት ዕድሜ) 27 ሚሊዮን ዙር፣ ማለትም 75 ሰዓት ነው። ሁለቱም ዘይቶች ቪጂ 32 (የቪስኮሲቲ ደረጃ) ናቸው፣ ልዩነታቸው ተጨማሪ ኬሚካሉ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ዘይት 8 ኩሽኔታ ተፈትኗል፤ 400 ሰዓት የሞላው ሳይበላሽ ይቆማል።

ዘይት «ሀ»፦ 62፣ 110፣ 150 (ኬጁ፣ ማለትም የኳሶቹ ማቀፊያ፣ ተሰብሮ የቆመ)፣ 185፣ 240፣ 330፣ ሁለቱ 400 ደርሰው ደህና።
ዘይት «ለ»፦ 95፣ 170፣ 260፣ 350፣ አራቱ 400 ደርሰው ደህና።

ሶፍትዌሩ በዌይቡል ስሌት (የብልሽት ሰዓቶችን ስርጭት በሚገልጽ ቀመር) ለ«ሀ» ቤታ (የስርጭቱ ቅርጽ) 1.55፣ ኤታ (63 በመቶው የሚበላሽበት ሰዓት) 341፣ ኤል10 80 ሰዓት አወጣ። ለ«ለ» ደግሞ ቤታ 1.68፣ ኤታ 490፣ ኤል10 128 ሰዓት። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። «የዘይት ለ ዕድሜ 1.6 እጥፍ ነው» ተብሎ ሪፖርት ላይ መጻፍ ይቻላል? ኬጁ የተሰበረው ከስሌት ይውጣ ወይስ ይግባ? ካልበቃስ ስንት ኩሽኔታ ያስፈልጋል?

ቤታና_ኤታ፦

መጻፍ አይቻልም። ምክንያቱን በራስዎ ቁጥሮች እናስላው።

መጀመሪያ ኬጁ የተሰበረውን እንጨርስ። እንደ ብልሽት መቁጠር ስህተት ነው፣ ጨርሶ መጣልም ስህተት ነው። ያ ኩሽኔታ «150 ሰዓት ሮጬ በድካም አልተላጥኩም» ብሎ መስክሯል፤ ምስክርነቱ ይቆጠራል። በወረቀት ላይ ሲሠሩት ከእሱ በኋላ ያሉት ብልሽቶች ተራ ቁጥር ይስተካከላል። 62 ተራ 1፣ 110 ተራ 2 ነው። ከዚያ ናሙናው ሲደመር አንድ (9) ላይ ያለፈው ተራ (2) ይቀነስና፣ አሁን የደረስንበትን ጨምሮ ለቀሩት ኩሽኔታዎች (5) ሲደመር አንድ ይካፈላል፤ 7 ለ6፣ 1.17። ስለዚህ 185 ተራው 3.17፣ 240 ተራው 4.33፣ 330 ተራው 5.5 ይሆናል። ከተራው 0.3 ቀንሰው ለ8.4 ቢያካፍሉ ሚዲያን ራንኩን (እስከዚያ ሰዓት ይበላሻል ተብሎ የሚገመተውን በመቶኛ) ያገኛሉ፦ 8.3፣ 20.2፣ 34.1፣ 48.0 እና 61.9 በመቶ። ከመጨረሻው ብልሽት በኋላ የቆሙት ሁለቱ ተራውን አይነኩም፣ ናሙናው 8 በመሆኑ ግን ቀድመው ገብተዋል።

ይህ የሚሠራው ኬጁ የተሰበረበት ምክንያት ከድካሙ ጋር ካልተያያዘ ነው። ኬጁ የተሰበረው ዘይት ስላጠረው ከሆነ ያው የዘይት ማነስ ቀለበቱንም እያደከመው ነበርና «ሳይበላሽ ቆመ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ኳስ የሚያቅፈውን የኬጁን ኪስ እዩት፤ የጠቆረ ወይም የተፋቀ ካለ ጉዳዩ የዘይት ነው።

አሁን ወደ 80 እና 128። 8 ኩሽኔታ ሲፈተን የመጀመሪያው ብልሽት ግራፉ ላይ 8.3 በመቶ ላይ ይቀመጣል፣ ኤል10 ከእሱ አጠገብ ነው። ዕጣ የወጣለት አንድ ደካማ ኩሽኔታ መስመሩን ግራ ቀኝ ይጎትተዋል ማለት ነው። ሁለቱን ቤታዎች (1.55 እና 1.68) እንደ ልዩነት አትዩአቸው፤ በ5 እና በ4 ብልሽት የሚገኝ ቤታ ከዚህ በላይ ይወዛወዛል። አንድ የጋራ ቤታ 1.6 ውሰዱና እንዲህ ሥሩ። እያንዳንዱን ሰዓት ለ400 ያካፍሉ፣ በ1.6 ኃይል ያንሡት፣ የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም ይደምሩ፣ ድምሩን ግን ለተበላሹት ቁጥር ብቻ ያካፍሉ።

«ሀ»፦ ድምሩ 3.85፣ ለ5 ሲካፈል 0.77።
«ለ»፦ ድምሩ 5.66፣ ለ4 ሲካፈል 1.42።

ጥምርታው 1.84 ነው። በኤፍ ሠንጠረዥ (ጥምርታው በዕጣ ብቻ ሊመጣ ይችል እንደሆነ በሚያሳየው) ይመዘናል፤ የነጻነት ዲግሪው የብልሽቱ ቁጥር እጥፍ ነው፣ ከላይ 8፣ ከታች 10። በ5 በመቶ ደረጃ ማለፊያው 3.07። 1.84 ወደዚያ አልቀረበም። ወደ ዕድሜ ሲመለስ (በ1 ለ1.6 ኃይል) የዕድሜ ጥምርታው 1.46 ነው፣ የ90 በመቶ መተማመኛ ክልሉ ደግሞ ከ0.73 እስከ 3.1። ዘይት «ለ» በ27 በመቶ የባሰ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት እጥፍ የተሻለም ሊሆን ይችላል። ዳታው የሚለው ይህንኑ ነው።

በዚሁ ቤታ የየብቻቸው ኤል10 ክልል፦ «ሀ» ከ52 እስከ 149 ሰዓት፣ «ለ» ከ73 እስከ 238 ሰዓት። ይህም ቤታውን እናውቃለን ብለን ነው፤ ቤታው ራሱ ከዳታው ሲገመት ክልሉ ይሰፋል። ሰዓት ወስኖ በማቆም የተሠራ ፈተና ስለሆነ ስሌቱ የቀረበ ግምት እንጂ ፍጹም አይደለም፣ መደምደሚያውን ግን አይለውጠውም።

ስንት ያስፈልጋል ለሚለው፣ የሚቆጠረው የተበላሸ ኩሽኔታ ነው፤ የተገጠመው ቁጥር ለብቻው ምንም አይነግርም። የዕድሜ ጥምርታው ሎጋሪዝም የሚዋዥቀው በቤታና በሁለቱ ወገን የብልሽት ቁጥር ነው። ቤታ 1.6 ሆኖ፣ በ5 በመቶ ደረጃ፣ እውነተኛ ልዩነት ካለ በ80 በመቶ ዕድል ለመያዝ፦ 3 እጥፍ ልዩነት በየዘይቱ 4 ብልሽት ይበቃዋል። 2 እጥፍ 10 ብልሽት ይፈልጋል። 1.5 እጥፍ ደግሞ 30 ገደማ። ቤታው ወደ 1.1 ከወረደ 2 እጥፉ ራሱ 22 ብልሽት ይጠይቃል። ዘይት አቅራቢ «40 በመቶ ይጨምራል» ሲል በ8 ኩሽኔታ አረጋግጡልኝ ማለት በሜትር ፀጉር ለመለካት መሞከር ነው።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ማክሲመም ላይክሊሁድ የሚባለው ዘዴ በትንሽ ናሙና ቤታን ከፍ አድርጎ ይገምታል። ሁሉም በተበላሹበት የ10 ናሙና በአማካይ 16 በመቶ ያህል ያንረዋል፤ ማረሚያው 0.859 ነው። በ5 ናሙና ማረሚያው 0.669 ይደርሳል። ቤታ ሲንር ኤል10 አብሮ ይንራል፣ ስህተቱም በአማካይ ወደሚያስደስተው ወገን ነው።

ፊልትሮ፦

ከላይ ያለው ስሌት ልክ ነው፣ ግን ሁለቱ ቡድኖች የሚለያዩት በዘይት ብቻ ነው ብሎ ይነሣል። እኔ መጀመሪያ እሱን ነው የምጠራጠረው።

በቁጥር ላሳይ። የኩሽኔታው አማካይ ዲያሜትር 46 ሚ.ሜ ነው። በ6,000 ዙር አይሶ 281 (የኩሽኔታ ዕድሜ ስሌት ደረጃ) የሚጠይቀው ማመሳከሪያ ቪስኮሲቲ 8.6 ካሬ ሚሊ ሜትር በሰከንድ ገደማ ይመጣል። ተራ ቪጂ 32 በ70 ዲግሪ 11.2 ያህል አለው፣ ካፓ (የዘይቱ ቪስኮሲቲ ለማመሳከሪያው ሲካፈል) 1.3። በ80 ዲግሪ ወደ 8.5 ይወርዳል፣ ካፓ 1.0። አሁን የድካም ጭነት ወሰኑን ስታቲክ አቅሙን ለ22 በማካፈል 0.51 ኪሎ ኒውተን ይዘን የአይሶውን የዕድሜ ማስተካከያ ብዜት እናውጣ፦

ዘይቱ በጣም ንጹሕ (የብክለት ብዜት 0.8)፣ ካፓ 1.3 ሲሆን 1.7 ያህል።
ንጽሕናው ያው ሆኖ ካፓ 1.0 ሲሆን 1.4።
ካፓው 1.3 ሆኖ ንጽሕናው ወደ ተራ (0.5) ሲወርድ 1.06።

መጨረሻውን ከመጀመሪያው አስተያዩት። ዘይቱ ሳይቀየር የንጽሕናው መጠን ብቻ ሲቀየር ዕድሜው 1.6 እጥፍ ይለያያል፤ እናንተ የዘይት ልዩነት ያላችሁት ቁጥር ራሱ። ዘይት «ለ» አዲስ ፊልትሮ በተገጠመበት ሳምንት፣ ዘይት «ሀ» ፊልትሮው ከመቀየሩ በፊት ተፈትኖ ከሆነ የለካችሁት ፊልትሮውን ነው።

ስለዚህ ማረጋገጥ ያለባችሁ፦

ሙቀቱ የት ነው የሚለካው? ጋኑ ውስጥ ከሆነ ዋጋ የለውም። ቴርሞከፕሉ የውጭ ቀለበቱን ጀርባ፣ ጭነቱ በሚያርፍበት በኩል መንካት አለበት። በ6.5 ኪሎ ኒውተንና በ6,000 ዙር ቀለበቱ ከሚገባው ዘይት በብዙ ዲግሪ ይበልጣል፣ ልዩነቱም በየማሽኑ ራስ (ኩሽኔታው በሚገጠምበት ቦታ) እንደ ዘይቱ ፍሰት ይለያያል። በየራሱ ፍሰቱን አስተካክላችሁ የቀለበቱን ሙቀት በ2 ዲግሪ ውስጥ አቀራርቡት።

ማሽኑ ስንት ራስ አለው፣ የትኛው ዘይት በየትኛው ራስ ነበር? ዘይት «ሀ» ሁልጊዜ በአንደኛው፣ ዘይት «ለ» በሌላው ከተፈተነ የሻፍቱ መዛነፍና የዘይቱ ጥራት አንድ ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል፤ ምንም ስታቲስቲክስ አይለያያቸውም። ዘይቶቹ በየራሱ መፈራረቅ አለባቸው። ሲፈራረቁ ደግሞ ቧንቧው፣ ጋኑና የፊልትሮው ቤት በደንብ ታጥቦ፣ የመጀመሪያው ሙሌት ወጥቶ መጣል አለበት። የልዩነቱ ምንጭ ተጨማሪ ኬሚካል ከሆነ ትንሽ ቅሪት ይበቃል፣ ምክንያቱም በብረቱ ገጽ ላይ የሚሠራውን ስስ ሽፋን የሚለውጠው እሱ ነው።

ዘይቱ ለሁሉም ራስ በአንድ ጋን የሚዞር ከሆነ የመጀመሪያው ኩሽኔታ ሲላጥ የብረት ፍርፋሪው ለቀሩት ይደርሳል። ፍርፋሪው በኳስና በቀለበት መሃል ሲረገጥ ጠርዙ የተነሣ ጎድጓዳ ጠባሳ ይሠራል፣ ቀጣዩ ልጣጭ ከዚያ ይጀምራል። ያን ጊዜ ብልሽቶቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸውና 8 ኩሽኔታ 8 ነጻ ምስክር መሆኑ ይቀራል። ለየራሱ የተለየ ዝውውር ይሻላል። ካልተቻለ ወደ እያንዳንዱ ራስ በሚገባው መስመር ላይ ባለ 6 ማይክሮን ጥሩ ፊልትሮ ይደረግ፣ የንጽሕና ቆጠራውም በአይሶ 4406 ከ«13/10» እንዳይብስ በየጊዜው ይመዝገብ። ናሙናውን ከጋኑ ሥር ሳይሆን ከፊልትሮው በኋላ ከሚፈሰው ቅዱት።

የንዝረት ማቆሚያውስ? የማቆሚያው ወሰን ለሁለቱም ዘይት አንድ መሆን አለበት። ማሟሻው አልፎ ንዝረቱ ከተረጋጋ በኋላ የተለካው መነሻ ይሁን፤ ከዚያ 2 ወይም 3 እጥፍ ሲደርስ ይቁም። ወሰኑ ከፍ ካለ ልጣጩ ዙሪያውን ይበላና የት እንደተነሣ ማየት አይቻልም። እሱ ደግሞ ከሰዓቱ በላይ የሚፈለግ መረጃ ነው።

እስቲ 16ቱም ኩሽኔታዎች ተፈተው ልጣጩ ከየት እንደተነሣ ታይቷል?

ፈተና_ክፍል፦

እናመሰግናለን። የሙቀቱ ልኬት በቀለበቱ ላይ ነው፣ ሁሉም በ70 እና 72 መሃል። ዝውውሩም የየራሱ ነው። ዘይቶቹ ግን በራሶቹ አልተፈራረቁም።

ከተበላሹት ዘጠኝ ስምንቱ ላይ ልጣጩ የውስጥ ቀለበቱ ላይ፣ የኳሱ መንገድ መሃል አካባቢ ነው። የ62 ሰዓቱ («ሀ») ይለያል፤ ልጣጩ ወደ ትከሻው ሸሽቷል፣ በውጭ ቀለበቱ ላይ ያለው የኳስ ዱካም ሰያፍ ነው፤ ዙሪያውን ሲከተሉት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራል።

ፊልትሮ፦

ሰያፍ ዱካ በማይዞረው ቀለበት ላይ ከታየ ቀለበቱ በቤቱ ውስጥ ተዛብቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ቆሻሻ ወይም ፍንጣሪ በቤቱ ትከሻና በቀለበቱ መሃል ገብቶ ይሆናል፣ ወይም ሲገጠም ቀለበቱ በአንድ ጎን ተመትቷል። 6206 ላይ ጥቂት የማዕዘን ደቂቃ መዛባት ይበቃል፤ ኳሶቹ ወደ ቦዩ ጠርዝ ይወጡና ግፊቱ ይንራል። ያ ብልሽት የመገጣጠም እንጂ የዘይት አይደለም።

ቤታና_ኤታ፦

እንግዲያው ስሌቱን ድጋሚ እዩት። የ62ቱን እንደ ድካም ብልሽት ሳይሆን «62 ሰዓት ሮጦ በሌላ ምክንያት የቆመ» ብለን ብናስገባው የ«ሀ» ብልሽት 4 ይሆናል፣ ቤታ 2.07፣ ኤታ 372፣ ኤል10 125 ሰዓት። ዘይት «ለ» 128 ነበር። 1.6 እጥፍ የተባለው ልዩነት በአንዲት ኩሽኔታ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። በጋራ ቤታ 1.6 ስናየውም ጥምርታው ከ1.46 ወደ 1.27 ይወርዳል።

ግን ተጠንቀቁ። ውጤቱን ካዩ በኋላ የማይመች ነጥብ እየለቀሙ ማውጣትም ያው ማታለል ነው። 16ቱም፣ 400 ሰዓት የሞሉት ጭምር፣ ተፈተው በ10 እና በ20 እጥፍ ማጉያ ይታዩ። የሚመረምረው ሰው ዘይቱ የትኛው እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሮጠ አይንገሩት፤ መለያ ቁጥር ብቻ ስጡት። በዘይት «ለ» ውስጥም ሰያፍ ዱካ ያለው ከተገኘ በዚያው መስፈርት ይስተናገዳል፤ ሰያፍ ዱካ ይዞ 350 የደረሰም ቢሆን።

የተደባለቀ ብልሽት ግራፉ ላይ ብዙ ጊዜ መልኩን ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች በገር ተዳፋት ሄደው ከዚያ መስመሩ ተሰብሮ ቀጥ ካለ ሁለት ዓይነት በሽታ አለ። ቤታ ከ1 በታች ከወጣ ደግሞ የኩሽኔታ ድካም ብላችሁ አትድከሙ፤ መገጣጠሚያውን ወይም ቆሻሻውን ፈልጉ።

ስድስት_በስድስት፦

ስለ ብዛቱ ላክል። 30 ብልሽት መጠበቅ የማይቻል ከሆነ «ሰደን ዴዝ» (ድንገተኛ ሞት) የሚባለው አካሄድ አለ። ኩሽኔታዎቹን በዕጣ በቡድን ትከፍላላችሁ፤ በየቡድኑ አንዱ ሲበላሽ ቡድኑ በሙሉ ይቆማል። ከቡድኑ የቀደመው ብልሽት ያንኑ ቤታ ይይዛል፣ ኤታው ግን በቡድኑ ቁጥር በ1 ለቤታ ኃይል ይካፈላል። ቤታ 1.5 ሆኖ ቡድኑ 4 ከሆነ 2.5 እጥፍ ያጥራል።

ደስ የሚለው ቁጥር 6 ወይም 7 ነው። ከ6 ኩሽኔታ የቀደመው ብልሽት ሚዲያኑ ከሕዝቡ 10.9 በመቶ ላይ፣ ከ7 ከሆነ 9.4 በመቶ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የቀደሙት ብልሽቶች ሚዲያን ራሱ ከኤል10 ጋር ሊባል በሚችል ደረጃ አንድ ነው፤ መስመር ማስረዘም አያስፈልግም። 42 ኩሽኔታ በ7 ቡድን ቢከፈል 7 ብልሽት በአጭር ሰዓት ይገኛል። ዋጋው ኩሽኔታ ላይ ነው፣ ትርፉ ማሽን ሰዓት ላይ። ኩሽኔታ ርካሽ ሆኖ ማሽን ሰዓት ውድ በሆነበት ሁሉ ያዋጣል።

አይምሰላችሁ ግን፤ 42 ኩሽኔታ ተገጠመ ተብሎ መተማመኛው የ42 አይሆንም። የ7 ብልሽት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ኤል50 (ግማሹ የሚበላሽበት ዕድሜ) መገመትም አይገባም፤ የታየው የግራፉ ታችኛው ጫፍ ብቻ ነውና። ቤታ 1.5 ከሆነ ኤል50 የኤል10 3.5 እጥፍ ነው፣ 1.1 ከሆነ 5.5 እጥፍ። በ7 ብልሽት ሁለቱን ቤታ መለየት አይቻልም።

አራት ኩሽኔታ በአንድ ሻፍት የሚይዝ ማሽን ከሆነ ሳታውቁት ይህንኑ እያደረጋችሁ ነው። አንዱ ሲላጥ የቀሩትን ሦስቱን መልሶ መግጠም አይገባም፤ ንዝረቱና ፍርፋሪው ነክቷቸዋል። አራቱም ይለወጡ፣ ሦስቱ «የቆሙ» ተብለው ይመዝገቡ።

ቀጥታ_መስመር፦

ያለ ብልሽት ማለፍ ለሚፈልግም ቁጥሩ ይቀመጥ፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። 90 በመቶ አስተማማኝነትን በ90 በመቶ መተማመኛ ለማሳየት 22 ኩሽኔታ የታለመውን ኤል10 ያህል ሮጠው አንድም መበላሸት የለበትም። 8 ብቻ ካላችሁ እያንዳንዱ የኤል10 1.95 እጥፍ መሮጥ አለበት፤ ይህ ቤታ 1.5 ነው ብለን ነው። ቤታ 1.1 ከሆነ 2.5 እጥፍ። ስለዚህ «ቤታን ከየት አመጣችሁት?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይኑረው። የኩሽኔታ ዕድሜ ስሌትን የመሠረቱት ሉንድበርግና ፓልምግሬን እ.ኤ.አ. በ1947 ለቦል ቤሪንግ የወሰዱት 10 ለ9፣ ማለትም 1.11 ነበር፤ በአይሶ 281 የአስተማማኝነት ብዜት ጀርባ ያለው 1.5 ነው። ለዘይት ማነጻጸሪያ ግን ይህ ፈተና አይሆንም፤ ሁለቱም ካለፉ ስለ ልዩነታቸው የሚታወቅ ነገር የለም።

ሶፍትዌሩ ላይ «ሦስተኛ ፓራሜትር ጨምር» የምትለዋን ቁልፍም አትንኩ። ያ ፓራሜትር የሚገምተው ዝቅተኛ ዕድሜ (ከእሱ በፊት አንድም የማይበላሽበት) በኩሽኔታ ድካም እውነት አለ። ለ99 በመቶ አስተማማኝነት የአይሶ ብዜት 0.21 የነበረው፣ ይህም ቤታ 1.5 ያለው ቀጥታ መስመር በትክክል የሚሰጠው ቁጥር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007ቱ እትም 0.25 የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ያ የታወቀው እጅግ ብዙ ኩሽኔታ ተፈትኖ ነው። በ4 እና 5 ነጥብ ሦስተኛ ፓራሜትር ሲጨመር መስመሩ ያምራል፣ ዝቅተኛ ዕድሜውም ከመጀመሪያው ብልሽት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሌላ ትርጉም የለውም።

ጭነቱን ጨምሮ ለማፋጠን ላሰበ ሰው፦ በስታቲክ አቅሙ የኳስ ግፊት 4,200 ሜጋፓስካል ነው፣ ግፊቱ በጭነቱ ኩብ ሥር ስለሚሄድ አሁን በ6.5 ኪሎ ኒውተን 3,500 ገደማ ላይ ናችሁ። ከዚህ በላይ ብትሄዱ ብረቱ እየተጨፈለቀ የሚሞትበት ሌላ ፈተና ነው የሚሆነው፣ የዘይቱም ልዩነት ይጠፋል።

ፈተና_ክፍል፦

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። 400 የሞሉት ስድስቱ ኩሽኔታዎች (2 እና 4) ገና ከማሽኑ አልወረዱም። እስኪበላሹ እንዲቀጥሉ ማድረግ ይፈቀዳል? ወይስ ወስኖ ካቆሙ በኋላ መቀጠል ዳታውን ያበላሸዋል?

ቤታና_ኤታ፦

ካልወረዱ ይቀጥሉ። ለሁለቱም ዘይት እኩል፣ በአንድ ዓይነት አዲስ ወሰን፣ ወሰኑም ከመነሣቱ በፊት ተጽፎ። «የዚህኛው ውጤት እስኪያምር» ተብሎ የሚቀጥል ከሆነ ነው ዳታው የሚበላሸው። የሰዓት ገደቡ ሲነሣ ስሌቱ የሚነካው ነገር የለም፤ እንዲያውም የቆሙት ወደ ብልሽት ሲለወጡ መረጃው ይጨምራል።

ወርደው ከሆነ ግን አይመለሱ። ከሻፍቱ በመጎተቻ ሲወጡ ጉልበቱ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፣ በመንገዱ ላይ ትንንሽ ጠባሳ ይተዋል። ቀለበቱም ሲመለስ ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል፤ ያልደከመ ክፍል ወደ ጭነቱ ይመጣና ዕድሜው በሐሰት ይረዝማል።

ቆመው የቆዩ ከሆነ መጀመሪያ ያለ ጭነት፣ ዘይቱ እየፈሰሰ፣ የቀለበቱ ሙቀት 70 ዲግሪ እስኪደርስ ይሩጡ፤ ከዚያ ጭነቱ ቀስ እያለ ይግባ። በቀዝቃዛ ዘይት በሙሉ ጭነት መነሣት ፍሰቱ ሳይደርስ ኳሱን ደረቅ ያስኬደዋል። የንዝረቱም መነሻ እንደገና አይለካ፤ የቀድሞው ይጸና፣ አለበለዚያ የተጀመረ ልጣጭ ካለ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ትርፉን ላስላላችሁ። የ62ቱና የ150ው ከድካም ውጭ ናቸው ብለን፣ አሁን ባለው 4 በ4 ብልሽት ይህ ፈተና በ80 በመቶ ዕድል የሚይዘው ልዩነት 3 እጥፍ ነው። ስድስቱም እስኪበላሹ ከቀጠሉ «ሀ» 6፣ «ለ» 8 ይሆናል፤ የሚይዘው 2.3 እጥፍ ይደርሳል። 1.5 እጥፍን አይደርስበትም። ያኔም ዘይቶቹ በራሶቹ ስላልተፈራረቁ፣ ልዩነት ቢገኝ የማሽኑ ራስ ይሁን የዘይቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ ቀጣዩን 8 በ8 ስትገጥሙ ራሶቹን አገላብጡ።